ልዕልቷ፣ ማሚቱና የታጠቅ አዋላጆች

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ የአንድ መንገድና በዚያ መንገድ ዳርና ጫፍ የኖሩ ሴቶችን ታሪክ ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ በአስኮ በኩል ወጥቶ ቡራዩን ያቋርጣል፤ ገፈርሳን አልፎ በታጠቅ፣ በመናገሻና በሆለታ አድርጎ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም ዳገት ቁልቁለቱን ተያይዞ ነቀምት ይገባል። ቡራዩ ዛሬ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። ማለዳ በዚያ ብታልፉ ታክሲ የሚጋፋውን ሠራተኛ፣ ጭነት ያጎበጠውን አይሱዙ፣ ወደ ወለጋ የሚገሰግሰውን አውቶቡስ ታያላችሁ። በመሀል ደግሞ እየጮኸ ወደ አዲስ አበባ የሚበር አምቡላንስ ይመጣል፤ መኪናው ሁሉ ዳር ይዞ ያሳልፈዋል። እኔም የማወጋችሁ በዚያ አምቡላንስ ውስጥ ስለምትተኛው ሴትና እዚያ ማዶ ስለሚቀበላት እጅ ነው።

ወሬዬን ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከነቀምት ልጀምር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1942 ነው። ጣሊያን ከአገር ከወጣ ገና ዓመቱ ነው። በዚያ ክረምት ነቀምት ላይ አንዲት ወጣት ወይዘሮ በጠና ታመሙ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። በስደቱ ዘመን ቤተሰባቸው እንግሊዝ አገር ተጠግቶ ሲኖር፣ ልዕልቲቱ የነርስ ልብስ ለብሰው ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሙያውን ከሥር ተማሩ። የንጉሥ ልጅ ናቸውና ሌላ ሊያስታምማቸው ሲገባ፣ እሳቸው የሰው ልጅ ሲያስታምሙ ዋሉ። ነፃነት ሲመለስ አገራቸው ገቡ፤ አገቡ፤ ባለቤታቸው ወደ ተሾሙበት ወደ ወለጋ ወረዱ። ዕድሜ ግን አልሰጣቸውም። ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነሐሴ ላይ አረፉ። ገና ሃያዎቹን መጀመራቸው ነበር።

አያችሁ? ዘውድም ሙያም እያለ ሞት በዚያ በር ገባ። ነቀምት ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ልዕልት ያላለፈችውን አንዲት የገበሬ ልጅ እንዴት ታልፈዋለች?

ለመታሰቢያቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል እንዲሠራ ታሰበ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገራቸው ገንዘብ ሲያሰባስቡ ከረሙ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ማለት ነው። በእርግዝና ጣጣ የሞቱት ነርስ ስም የሆስፒታል በር ላይ ተጻፈ።

ወደዚያ በር እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት ሐኪሞች መጡ፤ ባልና ሚስት። ሬጅናልድ ሃምሊንና ካትሪን ሃምሊን ይባላሉ። ካትሪን የአውስትራሊያ፣ ሬጅናልድ የኒውዚላንድ ሰው ናቸው። የተጠሩት በሆስፒታሉ የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ነበር፤ ያውም ለጥቂት ዓመት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ የመጡት አዋላጅ ሊያስተምሩ ነው። ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ማሚቱ ልውሰዳችሁ።

ማሚቱ ጋሼ በደጋ አገር፣ ከሐኪም በራቀ መንደር የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። በልጅነቷ ዳሯት። በ16 ዓመቷ ምጥ ያዛት። አንድ ቀን አማጠች፤ ሁለት ቀን አማጠች። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ማርያም ማርያም ተባለ። የልምድ አዋላጇ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ሦስተኛው ቀን አለፈ፤ አራተኛው መጣ። በመጨረሻ ሕፃኑ ሞተ፤ እሷም ራሷን ሳተች። በቃሬዛ ተሸክመው ካለችበት አወጧት።

በእንዲህ ያለ ምጥ ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን በደንብ ልንገራችሁ፤ መታወቅ አለበትና። የሕፃኑ ራስ በእናትየው የዳሌ አጥንት መሀል ይቀረቀራል። በራሱና በአጥንቱ መካከል ያለው ሥጋ ይጨፈለቃል። ደም አይደርሰውም። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ ተቦድሶ ቀዳዳ ይሆናል። ሽንት ሳትፈቅድ ሌት ተቀን ይፈሳል፤ አንዳንዷን ሰገራም ያመልጣታል። እግሯን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተጎድቶ መራመድ የሚያቅታትም አለች። ይህ ነው የወሊድ ፊስቱላ የሚባለው። በጊዜው ቀዶ ሕክምና ያገኘች ሴት ከነጭራሹ አይደርስባትም። እርግማን አይደለም፤ የኃጢአት ደመወዝም አይደለም፤ የዘገየ እርዳታ ነው።

ይሁንና መንደሩ እንዲህ አላየውም። ባል ይሸሻል። የራስ ቤተሰብ ጓሮ ጎጆ ይቀልሳል። ወደ ሐኪም ልሂድ ብላ አውቶቡስ ብትሳፈር፣ ሽታው ሲነሳ ተሳፋሪው ይንጫጫል፤ ረዳቱ መንገድ ላይ ያወርዳታል። በአገራችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። ትክክል ነው። ግን እንድትደብቅ ያደረጋት ማን ሆነና? ሽታውን የተጠየፈው ሁሉ ነዋ።

ማሚቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሰች። ሁለቱ ሐኪሞች ተቀበሏት። ጉዳቷ የከፋ ስለነበር ቀዶ ሕክምናው አንድ ጊዜ ብቻ አልሆነም፤ ተደጋገመ። በዚያ መካከል ከአልጋዋ መነሳት ስትጀምር ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የሌሎቹን ሕሙማን አልጋ ታነጥፍ ጀመር። አንሶላ ትለውጣለች፤ ውኃ ታቀብላለች፤ ከገጠር ለመጡት ግራ ለገባቸው ሴቶች ሐኪሙ የሚለውን ታስረዳለች። ዶክተር ሬጅናልድም አዩዋት። ወደ ቀዶ ክፍል አስገቧት። መጀመሪያ መሣሪያ አቀበለች። ቆየት ብላ ረዳት ሆነች። ከዚያ እሳቸው እጇን በእጃቸው ይዘው የት እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚሰፋ አሳዩዋት። ፊደል ሳትቆጥር የሰውን ገላ አነበበች። ኋላ ቀን ሕሙማንን ስትሰፋ ውላ ማታ ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብና መጻፍ ተማረች።

ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ሴቶችን በገዛ እጃቸው የሚያድኑ የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ከሌላ አገር የሚመጡ የተማሩ ሐኪሞች አጠገባቸው ቆመው አሠራሩን ቀሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን የሚገኘው ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሁለቱ ሃምሊኖችና ለእሳቸው የቀዶ ሕክምና የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ። "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" ስንል ድፍረትን ለመንቀፍ ነው። እዚህ ግን በምጥ የተጎዳች ልጅ ለሐኪም ምጥን አስተማረች፤ ሐኪሙም ቁጭ ብሎ ተማረ።

እናንተዬ፣ የዚህ በሽታ ቀዶ ሕክምና ሌላ አገርም ታሪክ አለው፤ እሱን ሳልነግራችሁ ባልፍ ወጌ ይጎድላል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ ማሪዮን ሲምስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 ድረስ ይህንኑ ቀዳዳ መስፋት ይሞክር ነበር። የሞከረባቸው በባርነት የተያዙ ጥቁር ሴቶች ናቸው። አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ የሚባሉት ስማቸው ተመዝግቧል። አናርካን ብቻ 30 ጊዜ ያህል ቀዷታል፤ ያለ ማደንዘዣ። እምቢ የማለት መብት አልነበራቸውም። በመጨረሻ ስፌቱ ያዘ። ሐኪሙ ኒውዮርክ ሄዶ ስመ ጥር ሆነ፤ ሐውልትም ቆመለት። ሴቶቹ ግን ለረጅም ዘመን የጠቀሳቸው አልነበረም። ሙያው ከዚህኛው ጋር አንድ ነው፤ መርፌና ክር፣ ትዕግሥትና ስሌት። ልዩነቱ አልጋው ላይ የተኛችው ማን ናት በሚለው ላይ ነው። እዚያ መሞከሪያ ነበረች፤ እዚህ ሰው ሆነች፤ ከዚያም የሥራ ባልደረባ ሆነች።

ሁለቱ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ፤ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ማለቴ ነው። ሕክምናው በነፃ ነው። ማሚቱ የጀመሩት ነገር እዚያ ወግ ሆነ፤ ከዳኑት ሴቶች ብዙዎቹ እዚያው ቀርተው የነርስ ረዳት ሆኑ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ነገር ላሳያችሁ፤ በውኃ።

ፊስቱላ ያለባት ሴት ውኃ ትፈራለች። ብትጠጣ ይፈሳላ! ስለዚህ ትጠማለች፤ ጥማቷን ትውጣለች። ሽንቷ እየወፈረ ገላዋን ይለበልባታል፤ እሷም ይብሱን ትቀንሳለች። ለዓመታት እንዲህ ኖራ ሆስፒታል ትመጣለች። ከቀዶው በኋላ ካቴተር የሚሉት ቱቦ ገብቶላት ሁለት ሳምንት ገደማ ትተኛለች። ቱቦው እንዳይደፈን፣ ስፌቱ እንዳይለቅ ደግሞ ብዙ ውኃ መጠጣት አለባት። ሐኪሙ "ጠጪ" ይላታል። እሺ ትላለች። ሐኪሙ ሲሄድ ግን ኩባያው እንደ ሞላ ይቀመጣል።

ሌሊት ተረኛዋ ረዳት ትመጣለች። ቱቦውን ትዳስሳለች፤ ከረጢቱን ታያለች፤ ኩባያውን ታያለች። አትቆጣም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ትላለች። "እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። እኔም ፈርቼ ነበር። አሁን ግን ቱቦው ይቀበለዋል፤ አንሶላሽ አይርስም። በይ አንድ ጉንጭ" ትላታለች። ሕመምተኛዋ ቀና ብላ ያችን ነጭ ልብስ የለበሰች፣ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ምንም የማትሸት ሴት ታያታለች። ይቺ እንደ እኔ ከነበረች እኔም እሷን እሆናለሁ ማለት ነው ትላለች በልቧ። ትጠጣለች። ያ ውኃ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱን ያስዋጠው ግን ቃሉ ነው። "የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው" ያሉት አባቶቻችን የሆስፒታል ደንብ የጻፉ ይመስለኛል።

ድና ስትወጣም ዝም ብሎ መሸኘት የለም። የመጣችበት ልብስ የውርደቷ ምልክት ነውና አዲስ ቀሚስ ትለብሳለች፤ የመሳፈሪያዋም ይሰጣታል። መንገድ ላይ የወረደችበትን አውቶቡስ ዓይነት ተሳፍራ፣ ትኬቷን ቆርጣ፣ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጣ ቤቷ ትገባለች። ይህን ያሰበ ሰው ሕክምናው ስፌቱ ላይ እንደማያበቃ ገብቶታል።

ሆኖም ሁሉም አይድኑም። ጉዳታቸው የባሰ፣ ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልጉ አሉ። ለእነሱ ነው እንግዲህ ወደ መንገዳችን የምንመለሰው። ከአዲስ አበባ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ታጠቅ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ደስታ መንደር ተመሠረተ። ቤት ተሠራላቸው፤ አትክልት ተከሉ፤ ሙያ ተማሩ። ሐሳቡ ሴቶቹ ጥገኛ ሆነው እንዲቀሩ አይደለም። ሠርተው የሚያድሩ፣ ወደ ሰው የሚመለሱ እንዲሆኑ ነው።

በዚያው በታጠቅ፣ በደስታ መንደር አጠገብ፣ ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2007 የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅን ከፈቱ። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ይኸው ደረሰ። አዋላጅ ሊያስተምሩ በመጡ በ48 ዓመታቸው ማለት ነው። ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1993 አርፈዋል፤ እሳቸው ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። የመስፋቱን ሥራ እድሜ ልካቸውን ቢሠሩት የማያልቅ መሆኑን አይተዋል። ቀዳዳው እንዳይፈጠር የምታደርግ ሴት በየገጠሩ ያስፈልጋል። ልጃገረዶቹ ከየገጠሩ ይመለመላሉ፤ ተምረው በዲግሪ ሲመረቁ ወደየመጡበት ተመልሰው ያገለግላሉ። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመረቁ። እንዲህ ያለች አዋላጅ የአካባቢውን ቋንቋ ታውቃለች፤ የምጡን ወግ ታውቃለች፤ እናትየዋ "ማርያም ትቅረበኝ" ስትል አብራት "አሜን" ትላለች። ደግሞ ምጡ አልሄድ ሲል መቼ አምቡላንስ እንደሚጠራ ጠንቅቃ ታውቃለች። ደስታ መንደርን አጠገቧ እያየች የሠለጠነች አዋላጅ አንድ ሌሊት መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል በመጽሐፍ ብቻ አልተማረችውም።

ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ፤ እዚሁ ተቀበሩ። ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ሥራ ታክመዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 ወላዶች በጤና ተቋም የወለዱት 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 26 ሆኑ፤ በ2019 48 ደረሱ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች ቁጥርም በ2000 ከ100 ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ጤና ጣቢያዎቹ፣ አምቡላንሶቹ ያመጡት ነው። ግን በ2019ም ግማሹ ገና አልመጣም ነበር። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አለ፤ ወጪው የከበደው አለ። ደግሞ በር ድረስ መጥታ፣ አንድ ጊዜ ተመናጭቃ፣ ሁለተኛ የማትመለስ አለች። "ስታረግዢ እኛን ጠይቀሽ ነበር?" የተባለች ሴት ለጎረቤቷ ምን ብላ ትመክራለች? እናቷ ከበር ውጭ ቀርታ፣ ብቻዋን እርቃኗን ሰው በሚያልፍበት ክፍል የወለደች ሴት ሁለተኛውን የት ትወልዳለች? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የወላድ ማንገላታት የሰብዓዊ መብት ጥሰት ብሎታል፤ በ2018 ደግሞ እያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል።

አገራችንም ይህን ታውቃለች። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ከያዛቸው አራት ትላልቅ አጀንዳዎች አንዱ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። ሠልጣኝ ተሰበሰበ፤ ጽሑፉ በየግድግዳው ተለጠፈ። በብዙ ጤና ጣቢያ ለአራስ ገንፎ መገንፋት፣ ቡና ማፍላት ተጀመረ። ይህን አትናቁት። ገንፎው ትኩስ ሆኖ፣ ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ ቀልጦ ሲቀርብ፣ አራሷ ቤቷ ያለች ይመስላታል፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚሉት ሴቶች ዙሪያዋን ሲከቧት ጤና ጣቢያው የመንደሩ ይሆናል። ነገር ግን "ከፍትፍቱ ፊቱ" ይባላል። ምጥ ክፍል የገፈተራት ሰው ገንፎ ቢያጎርሳት አይዋጥላትም።

ፍርዴን እንዲህ ልስጥ። ርኅራኄ በጥቂት ደጋግ ሰዎች ልብ ላይ ብቻ ከተጣለ አይዘልቅም፤ ሥርዓት ሊሆን ይገባል። ነርሷም ሰው ናት። ሌሊቱን ብቻዋን የማትቋቋመውን ያህል ወላድ ተሸክማ፣ ጓንት ተበድራ፣ ውኃ ከቧንቧው ጠፍቶባት፣ ደመወዟ ወር ሳይደርስ ያለቀባት ተረኛ ደግ ሁኚ ቢሏት ከየት ታምጣ? እሷንም የሚያከብራት ይፈልጋል። አልጋ የሚጋርድ መጋረጃ፣ የሚበቃ ሰው፣ የማይቋረጥ ውኃ የርኅራኄ ዕቃዎች ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የታመመችውን ሴት አስተማሪ አድርጎ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል። ፊስቱላ ሆስፒታል ውስጥ የሆነው ይኸው ነበር፤ ቀዳዳውን የሚያውቁት ሴቶች ሥራ ላይ ገቡ፤ ክፍሉም በእነሱ ልክ ተደራጀ።

ስለዚህ እናንተ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የምትመሩ፣ በሰበታም ሁኑ በቡራዩ፣ በሱሉልታም ሁኑ በነቀምት፣ እዚያው ከታከሙት ሴቶች ጥቂቱን ጥሩና በምጥ ክፍላችሁ የሆነባቸውን በግልጽ እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም አስተካክሉ። እናንተ ተረኞች፣ ስሟን ጠይቁ፤ ልትነኳት ስትሉ አስታውቋት፤ እናቷን ወይ ባሏን አስገቡላት፤ ትልቅ ሰው ከሆነች አንቱ በሏት። እናንተ ቤተሰቦች፣ ምጥ ሲይዛት ሁለተኛውን ቀን አትጠብቁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ፊስቱላ የያዛት ሴት በሰፈራችሁ ካለች ደግሞ ሕክምናው በነፃ እንደሚሰጥ ንገሯት፤ አውቶቡስ ላይም አብራችሁ ተሳፈሩ።